ምገባው ከድርቅ መዝገብ ይውጣልን

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለደቡብ ወሎ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ ደሴ

ጉዳዩ፦ በደቡብ ወሎ ደጋ ላሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቋሚ የተማሪዎች ምገባ፣ ውኃና የጤና ክትትል እንዲመደብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በወረኢሉ አካባቢ የገጠር ትምህርት ቤቶች አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ በዚያው ዓይነት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ደብዳቤዬን በግልጽ መጻፌ ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ኃላፊ ስላልሆነ ነው። ርዕሰ መምህራን ያውቁታል፣ ሱፐርቫይዘሮች ያዩታል፣ ወላጅም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ ያነሣዋል። የሚሰማው መልስ «በጀት ሲፈቀድ» ወይም «ረጂ ድርጅት ሲገኝ» የሚል ነው።

ቅሬታዬ ይህ ነው። በገጠር ወረዳዎቻችን የተማሪ ምገባ የሚታሰበው ድርቅ ወይም ግጭት ሲመጣ ነው። ዝናብ ሲቀርና ወረዳው ከተረጂዎች ዝርዝር ሲገባ ፋፋና ዘይት በመኪና ይመጣል፣ እናቶች ተሰብስበው ጉልቻ ይጎልታሉ፣ ከትምህርት የቀሩ ልጆች መመለስ ይጀምራሉ። ዝርዝሩ ሲታደስና ወረዳው «አገግሟል» ሲባል ድስቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ልጁ ግን ማገገሙን የሚያውቀው ከቤቱ ጎተራ እንጂ ከዝርዝሩ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በስንት ደጅ ጥናት የመለሰውን ተማሪ መልሶ ያጣል፤ በዓመቱ መጨረሻም ስለ መጠነ ማቋረጥ ይጠየቃል።

አሠራሩ ከደጋው የእህል አቆጣጠር ጋር ጨርሶ አይገጥምም። እኛ ዘንድ ግማሹ በበልግ፣ ግማሹ በመኸር ይተዳደራል። የበልግ ገብስ የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ የበልግ አብቃዩ ጎተራ ከሚያዝያ ጀምሮ ይራቆታል። መኸር አብቃዩ ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አንጀቱን አሥሮ እሸት ይጠብቃል። የትምህርት ዘመናችን በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም በዓመቱ ማብቂያ፣ በሰኔ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ድርቅ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ዝናቡ በወጉ ዘንቦም እንኳ፣ አንዱ ልጅ ትምህርት የሚጀምረው፣ ሌላው ልጅ ለፈተና የሚቀመጠው ቤቱ እህል ባለቀበት ወር ነው። በእርዳታ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የከፋው ዓመት ብቻ ነው። በየዓመቱ በወሩ የሚመጣውን ረሃብ የሚመዘግበው የለም።

ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ልንገር። ሩቅ መንደር ያለ ልጅ ውርጩ ሳይነሣ ከቤት ይወጣል። ካገኘ እፍኝ ቆሎ ይዞ ነው፤ ካላገኘም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ደህና ይከታተላል። ሦስተኛው ላይ ራሱን ዴስኩ ላይ ይጥላል፤ ዴስክ በሌለበት ክፍል ግድግዳው ላይ ይደገፋል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል፤ ስሙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይኸው ይሆናል። ሌሎቹ በዕረፍት ሰዓት ቤታቸው የሚቀመስ ፍለጋ ሄደው በዚያው ይቀራሉ። ስም የሚጠራው ጠዋት ስለሆነ ግን በመዝገቡ ላይ ሁሉም ተገኝተዋል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ እናንተ የሚደርሰው የተሳትፎ ሪፖርት ከዚህ መዝገብ የተቀዳ ነው። ስም ከዕረፍት በኋላም እንዲጠራ ብታዝዙ አሁን የምለውን በአንድ ወር ውስጥ በራሳችሁ ቁጥር ታዩታላችሁ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ሀገሪቱ የልጆቻችንን የምግብ እጥረት ለክታዋለች። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ያን ጊዜ ቁመታቸው የተለካ ሕፃናት ዛሬ የት ናቸው? በዕድሜያቸው ብንሄድ በአንደኛ ደረጃ የላይኛዎቹ ክፍሎችና በመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች፣ በእኛው ዴስክ ላይ ናቸው። መቀንጨርን ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ትኩረቱ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ ነው፤ ትክክልም ነው። ያ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት ደብተር ይዞ ሲመጣ የሚረከበው ግን እናንተ ናችሁ። ጤና ቢሮው አስረክቧል፣ ትምህርት ቢሮው አልተረከበም፤ እኔ የማየው ይህን ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሀገሩን ሁሉ አነጋግሮ ነበር። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ተባለ። እነዚያ ተማሪዎች 1ኛ ክፍል ሲገቡ በልተው ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም።

አዲስ አበባ ጠይቃለች። በመጀመሪያ «የእናት ወግ» የተባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር በጥቂት ትምህርት ቤቶች የጀመረውን ሥራ የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ወስዶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አዳረሰው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ይሰጣቸዋል። ምግቡን የሚያበስሉት እናቶች ይከፈላቸዋል። እሰየው ነው፤ ለከተማው ልጆች የተደረገው አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አንድ ሀገር፣ አንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ መጨረሻ ላይም አንድ ብሔራዊ ፈተና አለ። ከተማ ላለው ልጅ ቁርስ ከከተማው በጀት የተቆረጠ መብት ሆኖለታል። የወረኢሉ፣ የለገሂዳ፣ የከላላ፣ የወሎ ቦረና ልጅ ግን እንዲበላ መጀመሪያ ዝናብ መቅረት አለበት።

ክልሉ የአዲስ አበባን ያህል ገቢ እንደሌለው አይጠፋኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ መራቃቸውን ቢሮአችሁ ራሱ ተናግሯል። ከዚያም በፊት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወረኢሉ ድረስ ዘልቆ ነበር። «በዚህ ጊዜ ስለ ቁርስ ይወራል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ የምለው በዚህ ጊዜ ነው የሚወራው። ሁለት ሦስት ዓመት ከብት ሲጠብቅ የቆየ፣ የተኩስ ድምፅ የለመደ፣ ፊደሉን የረሳ የአሥር ዓመት ልጅ ከትንንሾቹ ጋር 1ኛ ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ የሚያግባባው ምንድን ነው? የምዝገባ ቅስቀሳ በሞንታርቦ ተሞክሯል። ትኩስ ቅንጬ ያለበት ትምህርት ቤት የቅስቀሳውን ግማሽ ይሠራል፤ ከሚያቅማማው አባት ጋር መደራደሪያ ይሆናል። አባትየው ልጁን ለእረኝነት የሚፈልገው ስለጨከነ አይደለም። ልጁ እረኛ ሆኖ ሰው ቤት ቢገባ ቢያንስ ይበላል ብሎ ነው።

ከተማችን ስለ ስንቅ ታሪክ አላት። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ሲያስነግሩ የሸዋ ጦር በጥቅምት እኩሌታ እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነበር። ያ ጦር ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ነው ወደ ሰሜን ያቀናው። እናንተ በየዓመቱ የምታወጡት የምዝገባ ጥሪ ስንቅን አያነሣም።

ሰነድ አልጎደለንም። ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ቤቶች ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂ ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ምገባ ከጀመረ 30 ዓመት አልፎታል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከውጭ በሚገባ እህል ፈንታ ከአካባቢው ገበሬ በሚገዛ ምርት መመገብ በቀድሞው የደቡብ ክልልና በኦሮሚያ ተሞክሯል። ይኸኛው መንገድ ለእኛ በልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው። ወረኢሉ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ስንዴ ያበቅላል። ገበሬው ምርቱን አጭዶ ወዲያው የሚሸጠው፣ ዕዳና የማዳበሪያ ክፍያ ስላለበት፣ ዋጋ ሲወርድ ነው። ትምህርት ቤቱ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል በታኅሣሥና በጥር ገዝቶ ቢያስቀምጥ ገበሬው ደህና ዋጋ፣ ልጁም በግንቦት ቁርስ ያገኛል። የልጁ አባትና የእህሉ ሻጭ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው።

ስለ እህሉ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጨረታው «ዝቅተኛ ዋጋ» ብቻ ካለ ሽሮው ውስጥ ጓያ መግባቱ አይቀርም። ጓያ ድርቅ ስለሚችል ርካሽ ነው። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ ግን እግር ያሽመደምዳል፤ በጎረቤታችን በለጋምቦ ወረዳ ሕመሙ በጥናት የተመዘገበ ነው። የግዢ መመሪያው የባቄላና የአተር ሽሮ ብሎ በስም ይጻፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እህሉን አይታ ትፈርም።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዴስክ እንደሚቀመጡ ታውቃላችሁ። የገብስ ቅንጬ በዘይት፣ ንፍሮ፣ በሶ ሁሉም ቤት ይበላል፤ በጾምም በፍስክም ያስኬዳል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቀናት ልዩነት ነበር የገቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጾመው ልጅ ድርሻውን ቋጥሮ ለማፍጠሪያ ቤቱ እንዲወስድ መፍቀድ ነው። የምገባ መመሪያው ይህን ካልጻፈው መጋቢው ግራ ይጋባል፤ ወይም «ያልበላ አልተገኘም» ተብሎ ከዝርዝር ይሰረዛል።

ምግቡ ያለ ውኃ አይሆንም። እዚህ ላይ የእርዳታ ጊዜው ምገባ ያሳየንን ጉድ ልናገር። ማገዶና ውኃ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ተብሎ ለወላጅ ይተዋል። ወላጅ ሲቸገር ውኃውን የሚቀዱት ተማሪዎች ናቸው፤ ከተማሪዎችም ሴቶቹ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ጄሪካን ተሸክመው ያሳልፉና ለሌላው ቁርስ አድርሰው ክፍል ይገባሉ። ዛፍ በተመናመነበት፣ ሰው ኩበት በሚያነድበት ደጋ ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ እንጨት አምጣ ማለትም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ባሕር ዛፍ አላቸው፤ ተሽጦ ለውስጥ ገቢ ከሚውለው ጥቂቱ ለማብሰያው ይዋል፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ይሠራ።

ውኃው ለሌላም ነው። ክልላችን በዓይን ማዝ ክፉኛ ከተጠቁት የሀገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። የመድኃኒት ዕደላው በዘመቻ ሲሰጥ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ከመድኃኒቱ ጋር የፊት ንጽሕና ካልሄደ ግን በሽታው ተመልሶ እንደሚይዝ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያስተምራሉ። ልጁ ግማሽ ቀን የሚውልበት ግቢ ፊቱን የሚታጠብበት ጠብታ ከሌለው ትምህርቱ የት ይፈጸም? «ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን መታጠብ» የሚል ሥዕል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሥሩ ቧንቧ የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ አይቻለሁ። ለአካለ መጠን የደረሱትን ልጃገረዶች ነገር ማብራራት አያስፈልገኝም። በር የሚዘጋ መጸዳጃ፣ ውኃና ሞዴስ በሌለበት በየወሩ ቀናት ይቀራሉ፤ ከ6ኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ጨርሰው ይቀራሉ። የወስፋት መድኃኒት በትምህርት ቤት መስጠት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር አቀፍ ሥራ ሆኗል፤ መልካም ጅምር ነው። ችግሩ ቀኑ ለወላጅ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። ያን ቀን የቀረ ልጅ ሳይወስድ ያልፈዋል፤ ወሬውም ክኒኑን ቀድሞ መንደር ይደርሳል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፤ አርፋጅ ተብሎ ውጭ የሚቆመው ሁልጊዜ የሩቅ መንደሩ ልጅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያቆሙታል፣ ወይም ይገርፉታል፣ ወይም «ወላጅህን አምጣ» ብለው ይመልሱታል። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ የክልል ክርክር፣ የበጀት ክርክር የለበትም። በአንድ ሰርኩላር ሊቆም ይችላል። መምህሩ ሰዓት ያክብር ማለቱን አልቃወምም፤ አርባ ደቂቃ በብርድ የቆመ ልጅ ግን ሰዓት ማክበር ሳይሆን አለመምጣት ነው የሚማረው።

እንግዲህ የምለምነውን በግልጽ ላስቀምጥ። ከሁሉ በፊት፣ በደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች የተማሪ ምገባ ከአደጋ ጊዜ እርዳታ ተለይቶ በክልሉ ዓመታዊ የትምህርት በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ይኑረው። ሁሉን በአንድ ጊዜ አልልም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ በቀን አንድ ትኩስ ቁርስ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔና ከመስከረም እስከ ኅዳር ብቻ ቢሆን እንኳ እንጀምርበት። ከአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበር ይገዛ። አብሳይ እናቶች እንደ አዲስ አበባዎቹ ይከፈላቸው፤ የገጠር እናት ድካም ነፃ ነው ያለው ማነው? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ለመማሪያ ክፍልና ለአጥር አዋጥቷል፤ ከሚዋጣው ላይ ለማብሰያ ቤትና ለውኃ ማጠራቀሚያ የሚውል ድርሻ ይወሰን። ጣሪያው ቆርቆሮ ለሆነ ትምህርት ቤት የክረምቱን ዝናብ ማጠራቀም ከባድ ምሕንድስና አይደለም።

በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ጤናና ደኅንነት ተጠሪ የሚሆን አንድ መምህር ይመደብ። በወረቀት ተጠሪ እንዳለ አውቃለሁ፤ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ክበብ የሚመራ፣ ሚኒ ሚዲያ የሚያዘጋጅ መምህር ግን የማንንም ልጅ ዓይን አያይም። ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቀን ቆርጦ ይሥራ፤ የመድኃኒት ቀን ሲኖር በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ፣ በገበያ ቀንም አስቀድሞ ያስነግር። ጦርነት አይቶ የመጣ፣ የማይናገር ወይም ሁልጊዜ የሚደባደብ ልጅ ሲኖር ከዱላ በፊት እርሱ ያነጋግረው፤ ለዚህም አጭር ሥልጠና ይሰጠው። የርዕሰ መምህሩ ሥራ ሲመዘንም ከፈተና ውጤትና ከምዝገባ ቁጥር ጎን ስንት ልጅ ከዕረፍት በኋላ እንደተመለሰ ይቆጠር።

ይህ ሁሉ በአንድ የበጀት ዓመት እንደማይሞላ እረዳለሁ። የአካል ቅጣትን የሚያስቆመው ሰርኩላርና ከዕረፍት በኋላ ያለው ስም ጥሪ ግን ለመጪው መስከረም ሊደርሱ ይችላሉ። ስለ ምገባው ደግሞ በየትኛው ዓመት፣ በየትኞቹ ወረዳዎች፣ ከየትኛው ክፍል እንደምትጀምሩ፣ ካልቻላችሁም ያልቻላችሁበትን ምክንያት፣ ከምዝገባው በፊት በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ወላጅ እንዲያነበው አድርጋችሁ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ። የገብሱን ግዢና የማከማቻውን ነገር ለመምከር የምትልኩት ባለሙያ ካለ እኔና ሌሎች ጡረተኛ መምህራን በነፃ አብረን ለመሥራት ዝግጁ ነን።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህርና አያት
ወረኢሉ፣ ደቡብ ወሎ